ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ «በገዛ ፈቃዴ» የተበደለ አላውቅም። እስቲ አስቡት። ሰው አንድን ነገር በእውነት በፈቃዱ ሲያደርግ «በገዛ ፈቃዴ» ብሎ አይናገርም። በገዛ ፈቃዴ ምሳ በላሁ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በገዛ ፈቃዴ ነው ያገባሁት የሚል ባል ካያችሁ ደግሞ ሚስቲቱ አጠገቡ ቆማ እየሰማች ነው ማለት ነው። ቃሉ የሚያስፈልገው አንዱ ሌላውን ጥግ አስይዞ ወረቀት ሲያስፈርመው ብቻ ነው። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ቃሉን ስተይበው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ንዴቴም ከዚያ ይጀምራል።

ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ። አንድ ጠረጴዛ፣ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ የሚሄድ ኮምፒውተር፣ አንድ የቆርቆሮ ቁም ሳጥን፤ በቃ። የምመራው ሰው አልነበረም፤ የምመራው ወረቀት ነበር። ባለቤቱ አቶ ደጀኔ ይባላሉ። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጀምር ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለንግሥ ሰንጋ ይሰጣሉ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እሳቸውን ረግሜ እገላገል ነበር። ደግ ሰው ሲበድል ግን የት ይደረሳል?

ሕግ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ላስታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል፤ ጋሸና መገንጠያው ላይ ጎማ እንደ ተነፈሰበት የጭነት መኪና ቆሞ የሚከርም ነው የሚመስለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ተለወጠ የሚለውን ወሬ እኛም ከሰማን ቆይተን ነበር። ወሬ ነውና ሰምተን ተቀመጥን። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አቶ ደጀኔ አንድ አማካሪ አመጡ። ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የከተማችንን አቧራ ገና ያልቀመሰ ሰው ነው። በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ጽሑፍ እያበራ «ግዴታችሁ ተቀይሯል» ሲለን ዋለ። የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር አትሰናበትም። አድልዎ የለም። በእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ላይ «ያለበለዚያ…» የምትል ቃል ነበረች፤ አቶ ደጀኔ የፈሩት እሷን ነው።

የፈራ አሠሪ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ፋይል ይከፍታል። ለሁሉም ሠራተኛ ፋይል ከፈትኩ። የሥራ ደንብ ተይቤ በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩ። ሠራተኛው ሲሰበሰብ አዲሱን ሕግ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። የወሊድ ፈቃድ ሦስት ወር የነበረው አራት ወር ሆኗል ስል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለአባትየውም ሦስት ቀን አለው ስል ዘበኛችን «ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ምን ልሠራ?» ብሎ አሳቀን። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከሕግ አውጪዎቹ አንዱ እኔ የሆንኩ ያህል ተሰምቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ አቶ ደጀኔ ጠሩኝ።

«ምትኩ፣ ሕጉን እናከብራለን። ግን ራሳችንንም እንጠብቅ» አሉኝ።

ራስን መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ውሉን ሲፈርም አብሮ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤም ይፈርማል። ቀን አይጻፍበትም። ደብዳቤው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባስፈለገ ዕለት ቀን ይሞላበታል፤ ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ ማለት ነው። ከየት እንደሰሙት አላውቅም፤ ሌላም ቦታ ይደረጋል አሉኝ። ሌላም ቦታ መደረጉን ስሰማ ልቤ መለስ አለ። ይኸው ነው የኛ ነገር፤ ጥፋት በሁለት ቦታ ከተሠራ አሠራር ይባላል።

ደብዳቤውን ማን ጻፈው? እኔ። እንዴት አሳምሬ እንደጻፍኩት! «በገጠመኝ የግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅሁ መሆኑን እየገለጽኩ፣ እስከ ዛሬ ለተደረገልኝ አባታዊ እንክብካቤ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።» አባታዊ የምትለዋን ስጨምር አቶ ደጀኔ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ሲላቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹን ብቻ ልናስፈርም ነበር። ኋላ ግን አማካሪው አድልዎ ክልክል ነው ማለቱ ትዝ አላቸውና ወንዶቹም ይፈርሙ ተባለ። እኩልነት እንዲህ አድርጎ ነው ሆቴላችን የገባው። እኔም የራሴን ተይቤ፣ የራሴን ፈርሜ፣ በራሴ እጅ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት።

ያኔ ተናድጄ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ኮርቼ ነበር። አሁን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጥቂት ቆይቶ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ፋይሎቹን አገላብጦ «እንዲህ የተሰናዳ ፋይል አይቼ አላውቅም» አለ። ስለ ፋይሉ እንጂ ስለ ሰው ማንም አልጠየቀኝም። ቁም ሳጥኑ ከጀርባዬ ነበር። ቡና ጋብዘን ሸኘነው።

አሁን ወደ ስንዱ ልምጣ። ስንዱ ልብስ አጣቢያችን ነበረች፤ ከነአኩቶ ለአብ ወዲህ ካለ መንደር በእግሯ እየመጣች የምትሠራ፣ ዝምተኛ፣ ክንደ ብርቱ ሴት። ለገና እንግዳው ከተማውን ሲሞላው ያን ሁሉ አንሶላ በበረኪና እየዘፈዘፈች፣ እየጨመቀች የምታወጣው እሷ ናት። እንግዶች ስለ ተራራው ዕይታና ስለ ነጩ አንሶላ በመዝገብ ጽፈው ይሄዱ ነበር። ተራራውን እግዚአብሔር፣ አንሶላውን ስንዱ።

ገና አልፎ ከተማው ጭር ሲል ቢሮዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ምትኩ፣ ያቺ ያነበቧት ነገር እውነት ናት?»

«የትኛዋ?»

«የነፍሰ ጡሯ» አለችና አንገቷን ደፋች። «አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በረኪናው እያጥወለወለኝ ተቸገርኩ። ካውያው ጋ ቢያዛውሩኝ ብዬ ነው። ሥራ ሸሽቼ አይደለም፤ ስተኩስ እውላለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ! ሕጉ ካንቺ ጋር ነው» አልኳት። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጥያቄዋን በጽሑፍ አድርጌ፣ የሐኪም ወረቀቷን አያይዤ ለአቶ ደጀኔ ይዤ ገባሁ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ባዶውን የመኪና ማቆሚያ ያዩ ነበር።

«ምትኩ፣ ቱሪስት የለም» አሉ ሳይዞሩ። «ዛሬ ካውያ አለች፤ ነገ አራት ወር ልትቀመጥ ነው። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ልቅጠር? ከየት አምጥቼ? ደብዳቤዋ የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ ቀን ጻፍበት።»

«ጋሽ ደጀኔ፣ ሕጉ እኮ ነፍሰ ጡር…»

«ሕጉ በፈቃዷ እንዳትለቅ ይከለክላል?»

አይከለክልም። ሕጉን አብጠርጥሬ አንብቤዋለሁ፤ አይከለክልም። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ጣቷን እያጣመመች የፈረመቻት ፊርማ እዚያው ነበረች። በእስክሪብቶ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ጻፍኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው።

ኮፒውን ለፋይሉ አስቀርቼ ደብዳቤውን ስሰጣት ቆማ አነበበችው። አንብባ ጨርሳ እንደገና ጀመረችው።

«እኔ መቼ ለቀቅሁ?»

ፊርማዋን በጣቴ አመለከትኳት።

«ጋሽ ምትኩ፣ እርስዎ አይደሉ ያነበቡልን?»

«እኔ ታዝዤ ነው» አልኳት።

ይኸውላችሁ ሁለተኛው የተበደለ ቃል። «በገዛ ፈቃዴ» እና «ታዝዤ ነው» መንትዮች ናቸው። አንዱን የተገፋው ይፈርመዋል፤ ሌላውን ገፊው ይለዋል። ስንዱ አላለቀሰችም። የሥራ ጋውኗን አውልቃ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። ጋውኑ በረኪና በረኪና ይሸታል። ወዲያ ላደርገው ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ እስከ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ መጡ። መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ፤ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ብራና የሚጽፉ፣ ቀለም የሚበጠብጡ ሰው ናቸው። ደንግጬ ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ፣ የኔታ።»

አልተቀመጡም። ደብዳቤውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ለብርሃን ሰጡት።

«ልጄ እንዲህ ያለ አማርኛ አትችልም» አሉ ረጋ ብለው። «አባታዊ እንክብካቤ ትላለች እንዴ? አባቷ እኔ፣ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

«የኔታ፣ ፊርማው የሷ ነው እኮ። ራሷ ናት የፈረመችው።»

«ፊርማውን አልጠየቅሁህም፣ ልጄ። እሱስ የሷ ነው። ደርቋል፣ ከወረቀቱ ተዋሕዷል። ቀኑ ግን ገና እርጥብ ነው» አሉና በጣታቸው ዳበሱት። እርግጥ እርጥብ አልነበረም። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ያዩ ሰው ናቸው፤ የትኛው የከረመ፣ የትኛው የትናንት እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም። «ቀኑን ማን ጻፈው?»

ጠረጴዛዬ ላይ የተተወውን እስክሪብቶ አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። አልረገሙኝም፤ ቢረግሙኝ ይሻል ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። መልሴን እንዳገኙ ገባኝ።

መሪጌታ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። እዚያ እናስታርቃችሁ ተባለ፤ አቶ ደጀኔ «በፈቃዷ ለቅቃለች፤ ከማን ጋር ነው የምታስታርቁኝ?» አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሁለት ቀጠሮ አለፈ። በሦስተኛው እኔ ለሆቴሉ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ።

«ደብዳቤውን ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ በል። ሌላ ቃል አትጨምር» አሉኝ አቶ ደጀኔ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ስንዱ ሆዷ ገፍቷል፤ ቆማ ስትጠብቅ ዳኛዋ ወንበር ይሰጣት አለች። መሐላዬን ፈጸምኩ። የሆቴሉ ጠበቃ ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቃላቱን ይመልከቱልኝ። ከልብ የመነጨ ምስጋና! አባታዊ እንክብካቤ! እንዲህ ያለ ውብ ደብዳቤ ተገፍታ የወጣች ሴት ትጽፈዋለች? ይህ ከልብ የፈለቀ ጽሑፍ ነው።»

እዚህ ላይ ኅሊናዬ ነቃ ብዬ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስጽፍ ጽሑፌን ያመሰገነው የመጀመሪያው ሰው ያ ጠበቃ ነው። እናም የሌላ ሰው ተደርጎ ተወሰደብኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።

«ደብዳቤውን። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አባታዊ የምትለዋም የኔ ናት።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም፤ ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ስታየኝ ነው ኅሊና የሚባለው ነገር፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የደረሰው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ውሏን ስትፈርም አብራ እንደፈረመችው፣ ቀኑን ነፍሰ ጡር ነኝ ካለች በኋላ እኔ እንደጻፍኩት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የዘበኛውም፣ የወጥ ቤቶቹም፣ የአስተናጋጆቹም እንዳለ፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ እንደሆነ ተናገርኩ። ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አቶ ደጀኔ እጃቸውን ያዩ ነበር። ዳኛዋ ደብዳቤዎቹ እንዲቀርቡ አዘዘች፤ በማግስቱ መላው ሆቴል በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ ካርቶን ውስጥ ታጭቆ ፍርድ ቤት ገባ። በካርቶኑ ውስጥ የጎደለ አንድ ብቻ ነበር።

የጎደለው የኔ ነው። ከፍርድ ቤት በተመለስኩበት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ፤ አቶ ደጀኔ ዘንድ ባለው ሁለተኛ ቁልፍ አውጥተው ቀኑን በእጃቸው ሞልተውታል። ሰው ሁሉ ክሰስ አለኝ። ብከስ እረታ ነበር። ግን ደብዳቤውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ሥራዬን በፈቃዴ እንደለቀቅሁ ይላል። አሰብኩት። በዚያ ቁም ሳጥን ፊት ዳግመኛ መቀመጥ እፈልጋለሁ? አልፈልግም። ከተየብኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እውነት ሆኖ የተገኘ ያ አንዱ ብቻ ነው። ምስጋናዋን ብቻ በእስክሪብቶ ሰርዤ ሰጠኋቸው።

ስንዱ ወደ ሥራዋ ትመለስ ተብሎ ተፈረደ፤ ተመለሰች፣ ካውያው ጋ። ጊዜዋ ሲደርስ ፈቃዷን ወጥታ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጠሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሄድኩ። መሪጌታ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«በድሮው ሕግ ከወሊድ በኋላ ያለው ስድሳ ቀን ብቻ ነበርና ይህን ጊዜ እናቷ ሥራ ገብታ ነበር አሉኝ» አሉ ሕፃኗን እያዩ። «ያሁኖቹ ግን ሰማንያን ቆጥረው ነው መሰለኝ የጻፉት። የክርስትና ነገር የሚያውቅ ሰው ሳይኖርበት አይቀርም።»

«ይሆናል፣ የኔታ» አልኩ።

ስንዱ ጠላ ስትቀዳልኝ «ጋሽ ምትኩ፣ ይጠጡ እንጂ» አለችኝ። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ጠላውን ጠጣሁ።

ዛሬ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ። የችሎቱ ነገር አገር አዳርሷልና ስሜ ወጥቷል። ሰው በዚያ ነገር ያፍርብኛል ወይም ያከብረኛል ብዬ ነበር። በሁለቱም ተሳስቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ጋሸና ምግብ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ይህን ሁሉ መንገድ እኔን ብሎ መጣ። ወንበሩን ስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያንን ደብዳቤ ያስጣልከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«ነኝ።»

«እንግዲያ የት ላይ እንደሚበላሽ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ ፊቱ በርቶ። «አንዲት ወጥ ሠሪ አለችኝ፣ አርግዛለች። ዳኛ የማይጥለው ደብዳቤ ጻፍልኝ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ጠረጴዛውን ገልብጬ ባስወጣው ደስታዬ። ግን ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ክፋት ሊሠራ የመጣ አይመስልም፤ ማዳበሪያ ሊገዛ እንደመጣ ገበሬ ነበር የሚጠብቀኝ። አፌን ገጠምኩና መተየብ ጀመርኩ። አትሜ ሰጠሁት።

የወሊድ ፈቃድ መስጫ ደብዳቤ ነው። ከወሊድ በፊት ይህን ያህል፣ ከወሊድ በኋላ ይህን ያህል፣ ሲያልቅም ወደ ሥራ ገበታዋ። ከንፈሩን እያነቃነቀ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ግንባሩ ቀስ በቀስ ተኮሳተረ።

«ይህንንማ ከሰጠኋት ተመልሳ ትመጣለች እኮ!» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ለዚያ ነው የተጻፈው።»